«አባቴ ዛሬም ዘሩን ለብቻቸው ይመርጣሉ»

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 37 ነው። አባቴ 72 ዓመታቸው ነው፤ ከእርሻ ሌላ ሥራ ሠርተው አያውቁም። የሚያርሱት አያቴ ያረሱትን መሬት ነው። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ከዚያ መሬት ርቀው ያደሩበት ሌሊት በጣት ይቆጠራል። ሁለቱ ወንድሞቼ ከተማ ገብተው ሥራ ይዘዋል። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ተመለስኩና ከአባቴ ጎን 11 ዓመት ሠራሁ። ጎህ ሲቀድ ከብቶቹን የማየው እኔ ነኝ፤ በአጨዳ ጊዜ ሠራተኛ የማሰማራውም እኔ ነኝ። ነገር ግን ምን እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚዘራ፣ ምርቱ ለማን እንደሚሸጥ አንድም ቀን ተጠይቄ አላውቅም። ባለፈው ዓመት አባቴ ከትራክተር ሲወርዱ ወድቀው ዳሌያቸው ተጎዳ፤ ሦስት ወር ተኙ። ያን ጊዜም ከአልጋቸው ሆነው ያዝዙኝ ነበር። ስለ ወደፊቱ ሳነሣባቸው «እኔ ገና አልሞትኩም» ይሉኛል። ወንድሞቼ ደግሞ «አባባ ሲያርፉ እኩል እንካፈላለን» ይላሉ። ብሄድ አባቴን የምገድላቸው ይመስለኛል፤ ብቀር በ50 ዓመቴም ረዳት ሆኜ እንዳልገኝ እሰጋለሁ። ስለ መሬቱ ማንሣት ራሱ ሞታቸውን እንደ መመኘት ሆኖ ይሰማኛል። ምን ላድርግ?

የማሳው ልጅ

እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ያን የመጨረሻውን ሸክም ላውርድልሽ። 11 ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ የተነሣች ልጅ ስለ ወደፊቱ ብትጠይቅ ሞት ተመኘች አይባልም። መሬቱ ከአባትሽም በኋላ ሰው ይፈልጋል፤ ከብቶቹም ይፈልጋሉ። ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ዘግይቷል።

ችግሩ አባትሽ ጥያቄውን የሚሰሙበት ጆሮ ነው። አንቺ «ወደፊት እንዴት እንሆናለን?» ስትያቸው እሳቸው የሚሰሙት «መቼ ነው የሚሄዱልን?» የሚለውን ነው። ስለዚህ ምክሬን በአጭሩ ልንገርሽ፤ የመሬቱን ጥያቄ ለጊዜው አቆይውና መጀመሪያ ውሳኔ ጠይቂ። አንድ ማሳ፣ ከዘር እስከ ሽያጭ፣ በአንቺ ውሳኔ። ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

አባትሽ ለምን እንደማይለቁ የገባኝን ላካፍልሽ፤ ስስት ወይም አንቺን መናቅ ብቻ አድርገሽ እንዳትወስጂው። አናጺ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ወንበር ይሠራል፤ አንዱ ቢጣመምበት ሳምንቱ ሳያልቅ ሌላ ሠርቶ ይታረማል። ዳቦ ጋጋሪ ዛሬ ያሳረረውን ነገ ጠዋት ያስተካክላል። በዓመት አንዴ የሚዘራ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ ቢያርስ የሚሞክረው ሃምሳ ወይም ስድሳ ጊዜ ብቻ ነው። አባትሽ ከሰባት ዓመታቸው ጀምረን ብንቆጥርላቸው እንኳ ያዩት 65 አዝመራ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱን ድርቅ፣ አንዳንዱን ጎርፍ፣ አንዳንዱን ተባይ ወስዶባቸዋል። እያንዳንዱ ስሕተት አንድ ዓመት ያስከፍላል፤ በዚያ ዓመት ውስጥ ደግሞ መብላት ያለበት ቤተሰብ አለ። እንዲህ በውድ የተገዛን ዕውቀት ለገዛ ልጅም ቢሆን አሳልፎ መስጠት ያስፈራል።

ይኸው ስሌት ግን ወደ አንቺም ይዞራል። 11 አዝመራ ደክመሽበታል፤ በአንዱም ላይ አልወሰንሽም። በ50 ዓመትሽ ብትጀምሪና ጉልበትሽ እስከ 70 ቢያደርስሽ፣ የሚቀርሽ 20 ጊዜ ነው። ከእነዚያም የመጀመሪያዎቹ የጀማሪ ስሕተት የሚሠራባቸው ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ግን የሚያርምሽ አባት አይኖርሽም። ዛሬ ብትሳሳቺ 65 አዝመራ ያየ ሰው ከማሳው ዳር ቆሞልሻል። ለአባትሽ በዚሁ በቁጥሩ አስረጃቸው። «መሳሳቴ ካልቀረ እርስዎ እያሉ ልሳሳት» በያቸው። እርሻን የሚያውቅ ሰው ለዚህ ነገር በቀላሉ መልስ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ሌላም አለ። በቢሮ የሚሠራ ሰው ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን አስረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው በየቀኑ አያየውም። ለአባትሽ ግን ቤታቸውም ሥራቸውም አንድ ስፍራ ነው። ሥራ ባቆሙ ማግስት በር ላይ ወጥተው ሲቆሙ ሌላ ሰው በማሳቸው ላይ ሲወስን ያያሉ። በገጠር ደግሞ ማሳ የተደበቀ ነገር የለውም፤ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። መስመሩ ከተጣመመ፣ አረሙ ከበዛ፣ ቡቃያው ከሳሳ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚጠራውም በአባትሽ ስም ነው። ስለዚህ ጥያቄሽን በጎረቤት ፊት ወይም ወንድሞችሽ በመጡበት ቀን አታንሺው። በዘር ወቅት ጥድፊያም አታንሺው። ምርቱ ከገባ በኋላ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ አንሺው።

የምትጠይቂው ማሳ ምርጡም አይሁን፣ የመጨረሻውም አይሁን። ምርጡን ብትጠይቂ ይፈራሉ፤ ጠፉን ብትቀበዪ ደግሞ የመሬቱ ድካም የአንቺ ድካም መስሎ ይታያል። መካከለኛውን ጠይቂ። ዘሩን አንቺ ትመርጫለሽ፣ የምትዘሪበትን ቀን አንቺ ትቆርጫለሽ፣ አንቺው ትሸጫለሽ፤ ኪሳራውም ትርፉም የአንቺ ይሆናል። አባትሽ ሲጠየቁ ይመክራሉ፤ ማዘዝ ግን የለም። ጊዜውን ሦስት አዝመራ አድርጊው። በአንድ ዓመት ውጤት ገበሬ አይመዘንም፤ የዝናቡ መልካምነት ሰነፉን ብልህ አስመስሎ ያሳያል፣ ክፋቱም ብልሁን ሰነፍ። ወጪና ገቢውን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ በደብተር ያዢ፤ የራስሽን የሥራ ቀናት ጭምር። ደብተሩን ለአባትሽ ሳይጠይቁሽ አሳዪያቸው።

ማሳውን ከያዝሽ በኋላ የሚቀጥለው ነገር ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ነው፤ እኔም ልብ ብዬ የምጽፍልሽ ቤተሰቤ ስለደረሰበት ነው።

እኔም የአርሶ አደር ልጅ ነኝ። አባቴ ስለ መሬታችን የሚያውቁትን ሁሉ በልባቸው ይዘው የኖሩ ሰው ነበሩ። አንድ ጠዋት ስትሮክ መታቸውና ንግግራቸው ተያዘ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ግን አልወጣቸውም። እርሻውን የተረከበው ታላቅ ወንድሜ ታታሪ ሰው ነው። ዝናቡ ሲያባራ ታችኛውን ማሳ ከሌሎቹ ጋር አብሮ አረሰው። አባቴ ያን ማሳ ሁልጊዜ በመጨረሻ ነበር የሚያርሱት፤ ለምን እንደሆነ ማናችንም ጠይቀናቸው አናውቅም። መሬቱ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከሥሩ እርጥብ ነበር። ታርሶ ሲደርቅ እንደ ጡብ ጠነከረ፤ የዚያን ዓመት ቡቃያ ግማሹ እንኳ በወጉ አልወጣም። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ያዩ ነበር። ወንድሜ በዚያ ማሳ ላይ በወጣ ቁጥር እጃቸውን ያነሡና መልሰው ጉልበታቸው ላይ ያሳርፉት ነበር።

በኋላ አንድ የአፈር ባለሙያ ምክንያቱን አስረዳኝ። ሸክላ የበዛበት አፈር እርጥብ እያለ ከታረሰ ውኃና አየር የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ ሥር ሰርጎ መግባት ያቅተዋል። ጊዜው መድረሱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት ጥቂት አፈር አንሥቶ በሁለት መዳፍ መካከል ማሸት ነው፤ እንደ ገመድ እየረዘመ ከተጠቀለለ መጠበቅ፣ ከተፈረፈረ ማረስ። ባለሙያው ይህን ሲያሳየኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። ልጅ ሆኜ አባቴ በዚያ ማሳ ዳር ቁጭ ብለው ልክ እንዲህ ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ከአፈር ጋር የሚጫወቱ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ ደብተር ግዢና ከአባትሽ ጋር በየማሳው እየዞርሽ ጠይቂ። ውኃ የሚተኛው የት ነው? የትኛው ጥግ ነው ቀድሞ የሚደርቀው? ባለፉት ዓመታት ምን ከምን ተከትሎ ተዘራ? የተቀበረ ቦይ ወይም ቱቦ አለ? የድንበሩ ምልክት የትኛው ድንጋይ፣ የትኛው ዛፍ ነው? ይህን የመጨረሻውን በደንብ አጥብቂው። የገጠር ድንበር፣ የመተላለፊያ መንገድና የውኃ ተራ ብዙ ጊዜ በሁለት ጎረቤታሞች ቃል ብቻ የቆመ ነው፤ ሁለቱ ሲያልፉ ቃሉ አብሮ ይቀበርና ልጆቻቸው ይካሰሳሉ። የትኛዋ ላም ከየትኛዋ እንደተወለደች፣ ማን ብድር እንዳለበት፣ አባትሽም ለማን እንዳለባቸው ጻፊ። መጻፍ ጨዋታውን ካደናቀፈው ስልክሽ ድምፅ ይቅረጽልሽ፤ ማታ ትገለብጪዋለሽ።

እንዲህ ዓይነት ደብተር ምን ያህል ዕድሜ እንደሚኖረው ማወቅ ከፈለግሽ፣ እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በተባለ ስፍራ ብሮድባልክ የሚባል ማሳ አለ። ጆን ሎውስ የተባለ ባለ ርስት እ.ኤ.አ. በ1843 ስንዴ ዘርቶበት የማዳበሪያ ሙከራ ጀመረ፤ ሙከራው እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ሎውስ ያረፈው በ1900 ነው። ከማረፉ 11 ዓመት በፊት፣ በ1889፣ ሥራውን የሚያስቀጥል ባለአደራ ተቋም አቋቁሞ ገንዘብ መድቦለት ነበር። 11 ዓመት፣ አንቺ ከአባትሽ ጎን የቆምሽውን ያህል። በማሳው ላይ ምን እንደተጨመረና ምን እንደታጨደ ተጽፎ ይገኛል፤ የአፈሩና የእህሉ ናሙና ሳይቀር ተጠብቆ ተቀምጧል። ሎውስን ያላዩ ሰዎች ዛሬም ማሳውን ጠንቅቀው ያውቁታል።

ይህ ዙረት ሌላም ነገር ያደርግልሻል። አባትሽ 65 ዓመት ያካበቱትን የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ ቦታቸው ይለወጣል፤ ከሥልጣኑ ሊወርድ እንደተቃረበ ሰው መሆናቸው ይቀርና አስተማሪ ይሆናሉ። አንድ አረጋዊ አዲስ ወንበር ሳያይ የሚቀመጥበትን እንዲለቅ መጠየቅ ጭካኔ ነው።

የእሳቸውን ኑሮም ከአንቺ አስቀድሚ። ብዙ አርሶ አደር ከመሬቱ ሌላ ጡረታ የለውም፤ መሬቱን ከሰጠ በምን እንደሚኖር ስለማያውቅ ብቻ እስከ መጨረሻው ጨብጦት ይኖራል፤ ፍርሃቱን ግን አፍ አውጥቶ አይናገረውም። እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያ ቤት እንደሚኖሩ፣ ከምርቱ ይህን ያህል ድርሻ እንዳላቸው፣ ሲታመሙ ማን እንደሚያሳክማቸው በጽሑፍ ይስፈር። የአንቺ መብት የሚጻፍበት ወረቀት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

አሁን ወደ ወንድሞችሽ ልምጣ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በውርስ ላይ ግን ዝምታ ወንድምና እህትን ለፍርድ ቤት የሚዳርግ ነገር ነው። «እኩል እንካፈላለን» ማለታቸው ክፋት አይመስለኝም። በዚያ ቤት ተወልደዋል፤ ከልጅነታቸው ድርሻ አላቸው፤ ያ ስሜት ክብር ይገባዋል። ግን ከእነሱ ጋር ተቀምጣችሁ አስሉት። መሬቱ ዛሬ ለሦስት ቢከፈል፣ የእናንተም ልጆች ሦስት ሦስት ቢሆኑ፣ በሚቀጥለው ትውልድ ለዘጠኝ ይከፈላል። በዘጠነኛው ቁራሽ ላይ የሚተዳደር ቤተሰብ አይኖርም፤ የሚቀረው መሸጥ ነው። ደግሞም እኩል ክፍፍሉ ያንቺን 11 ዓመት እንዳልነበረ ይቆጥረዋል። ያን ጊዜ ሁሉ ምን ደመወዝ ይከፈልሽ እንደነበር አልጻፍሽልኝም፤ እኔ የምገምተው እንዳልተከፈለሽ ነው።

ይህን ችግር በሕግ ለመፍታት የሞከሩ አገሮች አሉ። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው የገጠር መሬት ሕግ፣ እርሻውን ራሱ የሚያርስ ወራሽ በገበያ ዋጋ ሳይሆን እርሻው በሚያስገኘው ገቢ መጠን በሚተመን ዝቅ ያለ ዋጋ እንዲረከብ ትፈቅዳለች። ነገር ግን በ25 ዓመት ውስጥ ቢሸጠው፣ ከትርፉ ለእኅት ወንድሞቹ ማካፈል አለበት። ይህ ለእናንተ ቤትም የሚበጅ ሐሳብ ይመስለኛል። ለወንድሞችሽ እንዲህ በያቸው፦ «እስካረስኩት ድረስ አንድ ላይ ይቆይ፤ ድርሻችሁን ከምርቱ ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ፤ አንድ ቀን ከሸጥኩት ግን ከሽያጩ እኩል እንካፈላለን።» ወንድሞችሽ የሚፈሩት አንቺ መሬቱን ተቀብለሽ ነገ ሸጠሽ ብቻሽን እንዳትከብሪበት ከሆነ፣ ይህ ውል ፍርሃቱን ያነሣዋል። የመሬት ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ ከመፈረማችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ፤ ውሉንም አባትሽ በሕይወት እያሉ፣ ሁላችሁም በተገኛችሁበት ፈርሙት።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ፤ እኔ ላንሣው። ሴት ልጅ ባትሆኚ ኖሮ አባትሽ ይጠይቁሽ ነበር? መልሱን አንቺ ታውቂዋለሽ። እንዲህ ከሆነ ብቻሽን አይደለሽም። በኖርዌይ በእርሻ ውርስ ወንድ ልጅ ከሴት ልጅ ይቀድም ነበር፤ ሁለቱን እኩል ያደረገው ሕግ የወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በዓለም ላይ ካሉት ከ600 ሚሊዮን በላይ እርሻዎች ከ90 በመቶ የሚበልጡት በቤተሰብ የሚታረሱ ናቸው፤ በእነዚያ ሁሉ ቤቶች ውስጥ ጎህ ሲቀድ ተነሥተው እየሠሩ «ረዳት» የሚባሉ ሴቶች ሞልተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2026ን የሴት አርሶ አደሮች ዓለም አቀፍ ዓመት ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሥራሽን ሲጠይቅሽ «አባቴን እረዳለሁ» አትበዪ። «አርሶ አደር ነኝ» በዪ፤ አባትሽ በሚሰሙበትም።

ስለ ትራክተሩ አጭር ነገር ላክልበት፤ በዚህ ላይ አልለማመጥም። የመገልበጥ መከላከያ ብረት ከሌለው አስገጥሙለት፤ ቀበቶውም ይታሰር። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በአዳዲስ ትራክተሮች ላይ ይህን ብረት ግዴታ ካደረገች በኋላ ትራክተር ተገልብጦባቸው የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር እጅግ ቀንሷል። ዳሌያቸው የተጎዳ የ72 ዓመት ሰው ብቻቸውን ተዳፋት ላይ መንዳት፣ መሰላል መውጣት ወይም አዲስ ከወለደች ላም አጠገብ መግባት የለባቸውም። ይህን በምክር መልክ አታቅርቢው፤ ቀድመሽ ተነሥተሽ አንቺው ሥሪው።

እሺ ባይሉስ? ሊሆን ይችላል፤ ሆድ ይፍጀው ብለሽ ሌላ 11 ዓመት እንድትቀመጪ ግን አልመክርሽም። በልብሽ ቀን ቁረጪ። ሁለት የዘር ወቅት ጠብቂ፤ አንድ ማሳ እንኳ ካልሰጡሽ ሌላ መሬት ተከራይተሽ ወይም በሌላ እርሻ ተቀጥረሽ የራስሽን ጀምሪ። ይህን ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን ንገሪያቸው። እየሄድሽ ትጠይቂያቸዋለሽ፣ በአጨዳ ትደርሺላቸዋለሽ። ልጅ የራሷን ማሳ ስላረሰች የሞተ አባት የለም። ምናልባት በሰው መሬት ላይ ያበቀልሽውን ሲያዩ ነው የሚያምኑሽ።

ግን እዚያ ከመድረሱ በፊት ያችን አንዲት ማታ ሞክሪያት። ምርቱ ገብቶ፣ ከብቶቹ ታስረው፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትቀመጡ፣ ስለ ሞት ሳይሆን ስለ መካከለኛው ማሳ አንሺ። «በሚቀጥለው ዓመት እሱን ለኔ ይተዉልኝ፤ መሳሳቴ ካልቀረ እርስዎ እያሉ ልሳሳት» በያቸውና ዝም በዪ። ወዲያው መልስ አትጠብቂ፤ ሁለት ሦስት ሌሊት ይደሩበት። እሺ ካሉሽ፣ የምትዘሪ ዕለት ጠዋት ለአባትሽ ከማሳው ዳር መቀመጫ አኑሪላቸው። ከዚያ ጥቂት አፈር አንሥተሽ መዳፋቸው ላይ አድርጊና ጊዜው ደርሷል ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው።